ደብሩና የሥራ ቤቱ፦ ስለ ደብረ ታቦር ኢየሱስና ስለ ጋፋት አጭር ጥናት

ስለ ደብረ ታቦር የተጻፈ ታሪክ ሁሉ የሴባስቶፖልን መድፍ ሳያነሣ አያልፍም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ሁለት ሕንፃዎችን ጐን ለጐን ለመመልከት አስበናል። አንደኛው የደብረ ታቦር ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ሁለተኛው ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በጋፋት የነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍ ማቅለጫ ነው። በመጀመሪያው እስከ ዛሬ ይቀደሳል፤ የሁለተኛው ግን ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ከተማውን የቈረቈሩት በ1817 ዓ.ም. ያረፉት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው ይባላል። በዚህ ደጋ የተለመደው የቤተ ክርስቲያን አሠራር ክብ ነው፤ ቅኔ ማሕሌቱ ከውጭ ይዞራል፣ ቅድስቱ ይከተላል፣ በመካከል መቅደሱ ይገኛል። ድንጋዩ፣ ጭቃው፣ የጽዱና የወይራው እንጨት፣ የቀድሞው የሣር ክዳን ሁሉ የአገር ነበር። ክዳኑ ሲያረጅ ለማደስ የባዕድ እጅ አያስፈልግም ነበር።

ጋፋት ግን በሌላ መንገድ ተቋቋመ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ ለዓመታት መልስ ሳያገኝ ቆየ። ንጉሡ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡትን ሚሲዮናውያን፣ ቫልድማየርንና ባልንጀሮቹን፣ መድፍ እንዲሠሩ አስገደዷቸው። እነዚህ ሰዎች ወንጌል ሊሰብኩ እንጂ ናስ ሊያቀልጡ አልመጡም ነበር። ቢሆንም እቶን ሠርተው፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አፈሰሱ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ መድፉንና ሠራተኞቹን ይዘው ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ ጋፋትም ባዶ ቀረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ሞቱ።

የሥራ ቤቱ የጠፋው መንግሥቱ ስለ ወደቀ ነው የሚል ይኖራል። ይህ ግን አይበቃም። የራስ ጉግሣም ቤት በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊ ድል ሲሆኑ ወድቋል፤ ደብሩ ግን አልወደቀም። ቀሳውስቱ፣ ደብተሮቹና ምእመናኑ ነበሩት፤ ነሐሴ 13 ቀን በመጣ ቍጥር ሕዝቡ ተሰብስቦ በዓሉን ያከብርበታል። ባለቤቱ አንድ ሰው አልነበረም።

የጋፋት ባለቤት ግን ንጉሡ ብቻ ነበሩ። እቶኑን የሚወርስ ማኅበር አልተተከለለትም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ባደረጉ ጊዜ ከተማው እንደገና ሞቀ፤ የጋፋት እሳት ግን አልተቀጣጠለም።

ስለዚህ ጋፋትን ስናስብ የንጉሡን ምኞት ማድነቅ ብቻ አይበቃንም እንላለን። ዛሬም አዲስ የሥራ ቤት ሲመረቅ መጠየቅ የሚገባን፣ መራቂው ከሄደ በኋላ ክዳኑን የሚያድሰው ማን እንደ ሆነ ነው።