የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍትና የማያያዝ ጥበብ፤ ከኤድሳክ እስከ ሲሜክ

አንድ ባለሙያ የጻፈው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለሌላው እንዲጠቅም ከተፈለገ ስሌቱ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም። በተቀባዩ መሣሪያ ላይ መገንባትና ከተቀባዩም ሥራ ጋር መያያዝ ይኖርበታል። ይህ ሁለተኛው ተግባር ከመጀመሪያው ያላነሰ ድካም እንደሚጠይቅ የሙያው ታሪክ ያስረዳል።

የታሪኩ መነሻ በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር ሥራ ሲጀምር፣ ሞሪስ ዊልክስና ባልደረቦቹ ተደጋግመው የሚመጡ ስሌቶችን በየጊዜው እንደ አዲስ ከመጻፍ ይልቅ አንድ ጊዜ ጽፎና ፈትኖ ማስቀመጥ እንደሚሻል ተረዱ። ንዑሳን ፕሮግራሞቹ በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ሰፍረው በአንድነት ስለሚጠበቁ ስብስቡ ቤተ መጻሕፍት ተባለ፤ በ1951ም ቁጥራቸው 87 ደርሶ ነበር። ይሁንና አንዱ ንዑስ ፕሮግራም በማኅደረ ትውስታ ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ እንደየሥራው ይለያያል። ዴቪድ ዊለር የነደፋቸው የመነሻ ትእዛዞች ጥብጣቡ በሚነበብበት ጊዜ አድራሻዎቹን እያስተካከሉ ይህን ችግር አቃለሉ። የማያያዝ ጥበብ በዚህ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሞች እየሰፉ ሄደው በብዙ ፋይሎች መከፋፈል ግድ ሆነ። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ወደ መሣሪያው ቋንቋ ይተረጎማል፤ ሊንከር የተባለው ፕሮግራምም ክፍሎቹን ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ያገናኛል። የትኛው ፋይል እንደታረመና እንደገና መተርጎም እንዳለበት ማስታወስ ግን ለሰው የተተወ ሸክም ነበር። በቤል ቤተ ሙከራዎች አንድ ባለሙያ አስቀድሞ የታረመን ስሕተት ሲፈልግ ንጋቱን በከንቱ አሳለፈ፤ የታረመው ፋይል እንደገና አልተተረጎመም ነበርና። ባልደረባው ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 ሜክ የተባለውን መሣሪያ የሠራው ከዚህ በመነሣት ነው። ሜክ የፋይሎችን ጥገኝነት ከጽሑፍ አንብቦ፣ የተሻሻሉበትንም ጊዜ አነጻጽሮ፣ መታደስ ያለበትን ብቻ ያድሳል።

ሜክ ግን የመሣሪያዎችን ልዩነት በራሱ አያውቅም። የዩኒክስ ዓይነቶች በተበራከቱ ጊዜ ዴቪድ ማኬንዚ በ1991 የጀመረው አውቶኮንፍ መሣሪያውን አስቀድሞ እየፈተነ ልዩነቱን እንዲያጣጥም ታሰበ። ዳሩ ግን መሠረቱ የዩኒክስ ትእዛዝ ስለነበረ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እምብዛም አልተመቸም።

ጉዳዩን አንገብጋቢ ያደረገው የሕክምና ምርምር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በ1994 እና በ1995 የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አካል ዝርዝር ምስሎችን ለተመራማሪዎች አቀረበ። ምስሎቹን የሚተነትነውን ኢንሳይት የተባለ ቤተ መጻሕፍት እንዲሠሩም በ1999 ስድስት ድርጅቶችን በአንድነት አሰማራ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሥራ በአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ብቻ ተወስኖ ቢቀር ጥቅሙ ባከነ ማለት ነበር። ስለሆነም በኪትዌር ኩባንያ ቢል ሆፍማንና ባልደረቦቹ ሲሜክን አዘጋጁ። ሲሜክ ግንባታውን በቀጥታ አያካሂድም፤ አንዱን መግለጫ አንብቦ ለዩኒክስ የሜክ ፋይሎችን፣ ለዊንዶውስ ደግሞ የቪዥዋል ስቱዲዮ ፕሮጀክቶችን ያዘጋጃል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቤተ መጻሕፍቱ ተጠቃሚ የራስጌ ፋይሎችን መገኛና ተከታይ ጥገኞችን ራሱ መዘርዘር ነበረበት። አንዱ ቢዘነጋ ሊንከሩ ያልተገኘ ስም አለ ብሎ ሥራውን ያቋርጣል፤ ስሙ ግን የተጠቃሚው ሳይሆን የሌላ ሰው ሥራ ነው። ከ2013 ወዲህ ባሉት የሲሜክ እትሞች አዘጋጁ የትኛው ፍላጎት ለቤተ መጻሕፍቱ ብቻ፣ የትኛው ለተጠቃሚው፣ የትኛውስ ለሁለቱም እንደሆነ በመግለጫው ለይቶ ያሰፍራል። ተጠቃሚው አያይዝ ብሎ አንድ መሥመር ሲጽፍ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል።

ከጥብጣቡ ዘመን እስከ ዛሬ የተደረገው ጉዞ እንግዲህ አንድ አቅጣጫ አለው፤ በሰው አእምሮ ብቻ የነበረውን እውቀት በጽሑፍ ማኖር። የግንባታው መመሪያ በአዘጋጁ ልብ ብቻ ያለ ቤተ መጻሕፍት አዘጋጁ ከቦታው በተነሣ ዕለት አብሮት ይሄዳል። መግለጫውን አስተካክሎ የጻፈ ባለሙያ ግን ሥራውን ለማያውቀው ባልደረባ በአደራ አስረክቧል።