የኢነርጂ መካኒካል መሐንዲስ፦ ሙያው ምንድን ነው? ከየትስ ይጀመራል?

በካራቆሬና በአካባቢዋ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ «ልጃችን ምን ይማር?» ብሎ ይጨነቃል። በማስተማር ላይ በነበርንባቸው ዓመታት ብዙ ተማሪዎች «መካኒካል» ሲባል ጋራዥ ብቻ ሲታያቸው ታዝበናል። ሳያውቁት የሚሸሹት አሉ፤ ሳያውቁት ገብተውበት የሚጸጸቱም አሉ። ስለዚህ ሙያውን ባጭሩ እናስተዋውቃለን።

ምን ይሠራል?

የኢነርጂ መካኒካል መሐንዲስ የውሃን፣ የነፋስን፣ የእንፋሎትንና የፀሐይን ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጡ ማሽኖችን ይነድፋል፣ ይተክላል፣ ይጠግናል። ለምሳሌ በሰከንድ 1 ሜትር ኪዩብ ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 981 ኪሎዋት ኃይል አለው። ተርባይኑና ጄኔሬተሩ ተደምረው 90 በመቶ ውጤታማ ከሆኑ 883 ኪሎዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ይገኛል። የቀረው ይባክናል፤ ብክነቱን መቀነስ የእርሱ ሥራ ነው። በነፋስም የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 8 እጥፍ ስለሚሆን ተርባይኑ የሚተከልበትን ቦታ መምረጥ ትልቅ ጥናት ይጠይቃል።

ትምህርቱ

የመጀመሪያ ዲግሪው 5 ዓመት ይወስዳል። ሒሳብና ፊዚክስ መሠረቱ ናቸው፤ ከዚያ ቴርሞዳይናሚክስ፣ የፈሳሾች መካኒክስ፣ የሙቀት ዝውውርና የማሽን ንድፍ ይከተላሉ። በመሐል በድርጅት ውስጥ የሚደረግ የሥራ ልምምድ አለ። ለካራቆሬ ልጅ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ናቸው።

የት ይሠራል?

በህዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች አሉ፤ አጠቃላይ አቅማቸው 5,150 ሜጋዋት ነው። በአሸጎዳ 120 ሜጋዋት፣ በአዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት የነፋስ ማመንጫ አለ። በአሉቶ ላንጋኖ ከመሬት በታች ያለ እንፋሎት ይሞከራል፣ ይለማል። የስኳር ፋብሪካዎች የአገዳ ገለባ አንድደው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ሲሚንቶና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም ቦይለር የሚያስተዳድር ባለሙያ ይፈልጋሉ።

ምርምሩ

ምርምር ሲባል የግድ ትልቅ ግድብ አይደለም። ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እንጨት ተሸክማ ለምትመጣ፣ በጭስም ዓይኗ ለሚያለቅስ እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በዚህ መስክ መቀጠል የሚፈልግ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ይማራል።

ሙያው ለሙስሊሙ እንግዳ አይደለም። አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቀው መጽሐፉ ውሃ የሚስቡ ማሽኖችን ከነሥዕላቸው ገልጿል። ተቂዩዲን ደግሞ በ1551 በእንፋሎት የሚዞር የሥጋ መጥበሻ ዘንግ ጽፎ አስቀምጧል።

ለወላጆችና ለተማሪዎች

እውነቱን እንናገር፦ ዲግሪ ይዘው ሥራ የሚጠብቁ መሐንዲሶች አሉ። ከእነርሱ ቀድሞ የሚቀጠረው አብዛኛውን ጊዜ ልምምዱን በቁም ነገር የያዘ፣ የንድፍ ሶፍትዌር የሚችልና እጁን ዘይት ለመንካት የማይሳሳ ነው። ሒሳብ የምትወድ ሴት ልጅ ካለችም «የወንድ ሥራ ነው» ብለን አንመልሳት።

ዑለማዎች ማኅበረሰብ ያለ እርሱ የማይቆምበትን ሙያ ፈርድ ኪፋያ ይሉታል፤ የሚበቁ ሰዎች ከያዙት ከሌላው ይወርዳል፣ ሁሉም ከተወው ሁሉም ይጠየቃል። መብራት የጠፋበት ጤና ጣቢያና ውሃ የማይስብ ፓምፕ ባለበት አገር ይህን ሙያ የሚይዝ ልጅ ያስፈልገናል። አላህ ያግራላቸው።