ከቀንበር እስከ ድስት፦ የሥጋ ወጥ ታሪክና የምግብነት ዋጋ

የጥኖራን ጨምሮ በብቸናና በሞጣ አገር በሬ አስቀድሞ የቀንበር ነው፤ የድስት የሚሆነው ኋላ ነው። ጤፍ ሲያርስ የኖረ በሬ ጉልበቱ ሲደክም ከእርሻ ወጥቶ ይደልባል፤ ለፋሲካ ወይም ለመስቀልም ታርዶ ጎረቤት በቅርጫ ይከፋፈለዋል። እንዲህ ያለው ሥጋ ጅማቱ የበዛ ስለሆነ ረጅም እሳት ይሻል። በፈረንሳይ አገር በቀይ ወይን ጠጅ ለሰዓታት የሚንተከተከው ቤፍ ቡርጊኞንም የሚሠራው እንደ ትከሻ ካለው ጠንካራ ሥጋ ነው። የጎጃም ባለሙያ በወይኑ ፈንታ ያለ ቅባት የተቁላላ ቀይ ሽንኩርት፣ በርበሬና ንጥር ቅቤ ታገባበታለች።

ወጡ ከጥንት የመጣ ነው ሲባል ግን በርበሬ የአሜሪካ ተክል መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ወደ አገራችን ሊገባ የሚችለው ከ1492 (እ.ኤ.አ.) በኋላ በመሆኑ፣ የዛሬው ቀይ ወጥ መልኩ ያን ያህል የቆየ አይደለም። ሆኖም በርበሬው ለቀለምና ለማቃጠል ብቻ የገባ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ካሮቲን በቅቤው ሟሙቶ በሰውነት ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ ይለወጣል።

100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። በመንተክተክ ብዛት ጅማቱ ወደ ጀላቲን ይለወጣል፤ ከሥጋው የሚወጡት የቢ ቪታሚኖችም፣ እሳቱ ካጠፋቸው በቀር፣ በመረቁ ውስጥ ይቀራሉ። መረቁን ደግሞ እንጀራው ይጠጣዋል። ስዊድናዊው ሐኪም ሆፍቫንደር በ1968 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያውያን ምግብ ብረት የበዛበት መሆኑን አመልክቷል፤ ይሁንና ከጤፍና ጤፉ ከያዘው አፈር የሚገኘው ብረት ለሰውነት በቀላሉ አይዋሐድም። የሥጋ ብረት በደንብ ይዋሐዳል፤ አብሮ የተበላውን የእህል ብረትም ያግዛል። ቪታሚን ቢ 12 ከእንጀራም ከሽሮም አይገኝም።

ጥሬ ሥጋ ከወጥ ይልቅ ክብር ማግኘቱ ብዙ ሰው ለኮሶ ትል ዳርጓል። በድስት ውስጥ የትሉ ዕጭ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ስለሚሞት፣ ወጥ የበላ ሰው ኮሶ መጠጣት አያሻውም።

ዋናው ችግር ወጡ በማዕድ ላይ የሚታይባቸው ቀኖች ማነሳቸው ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ይወስዳል፤ ረቡዕና ዓርብም አሉ። ሕፃናት እንዲጾሙ አይገደዱም፤ ነገር ግን ብዙዎች እናቶች የጾሙ ዕቃ በፍስክ እንዳይነካ ሲሉ ለሕፃኑ ብቻ የሥጋ ድስት አይጥዱም።