ለድመት ክርን ዘግይቶ የደረሰ ቀዶ ጥገና

በምዕራባውያን የእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ቀልድ አለ፤ የተሰበረ የድመት አጥንት ሁለቱ ስባሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ከዋሉ በራሳቸው ይገጥማሉ ይባላል። ቀልዱ ከመሬት አልተነሣም። ድመት ክብደቷ ትንሽ ነው፣ አጥንቷም ቶሎ ይጠግናል። ክርን ላይ ሲደረስ ግን ሳቁ ይቀራል። ሦስት አጥንቶች የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ስለሆነ በጥቂቱ እንኳ ተዛንፎ ከገጠመ ይፋተጋል፤ ለብዙ ሳምንታት በጀሶ ከታሰረ ደግሞ ይገተራል።

የእንስሳት ሕክምና ይህን መገጣጠሚያ ለመጠገን እስኪበቃ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ክሎድ ቡርዤላ እ.ኤ.አ. በ1761 በፈረንሳይ ሊዮን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሲመሠርት ያሳሰቡት ፈረስና በወረርሽኝ የሚያልቅ ከብት ነበሩ። ድመት በገበያ ዋጋ የላትምና ማንም አላሰባትም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሆብዴይ የውሻና የድመት ቀዶ ጥገና መጽሐፉን ያሳተመው በ1900 ነው። በ1917 ደግሞ ማሪያ ዲኪን በምሥራቅ ለንደን፣ በዋይትቻፕል፣ የድሆችን እንስሳት በነጻ የሚያክም ክሊኒክ ከፈተች።

የአጥንት ጥገናው ታሪክ ከሰው ሕክምና ጋር የተጠላለፈ ነው፤ ብድሩም በሁለቱም በኩል ነው። ራጅ በ1895 ከተገኘ በኋላ ስብራትን ሳይቀዱ ማየት ተቻለ። በ1930ዎቹ በፔንስልቬንያ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ኦቶ ስታደር ውሾች ጀሶአቸውን እያኘኩ ቢያስቸግሩት ሌላ ዘዴ ፈለገ፤ አጥንቱን በቆዳ በኩል በሚገቡ ፒኖች ወግቶ ከውጭ በብረት የሚያያይዝ መሣሪያ ሠራ። የኒው ዮርኩ ቤልቪው ሆስፒታል ሐኪሞች ይህንኑ ወስደው በሰው ላይ ተጠቀሙበት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የአሜሪካ ባሕር ኃይል የቁስለኞቹን እግር አቆመበት። ለውሻ የተሠራ ነገር መርከበኛን ሲያድን ማየት በሕክምና ታሪክ አዘውትሮ አይገጥምም። ከዚያ በ1958 የስዊዘርላንድ የአጥንት ሐኪሞች ኤኦ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ስባሪዎቹን በትክክል ማጋጠም፣ በብረትና በቪስ ማጥበቅ፣ ከዚያም እግሩን ቶሎ ማንቀሳቀስ የሚል መርሕ ነበራቸው። የቡድኑ የእንስሳት ክንፍ በ1969 ተቋቋመ። ለክርን ከዚህ የተሻለ መርሕ አልነበረም።

ድመቷን ወደ ቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ካመጧት ነገሮች አንዱ ደግሞ ፎቅ ነው። የኒው ዮርክ ሐኪም ጎርደን ሮቢንሰን በ1976 ከፎቅ የሚወድቁ ድመቶችን ጉዳት በአንድ ስም ሰብስቦ ጻፈ። በዚያው ከተማ ተሠርቶ በ1987 የታተመ ጥናት 132 የወደቁ ድመቶችን መዝግቦ፣ ከታከሙት 90 በመቶው መትረፋቸውን አሳየ። ቁጥሩ ዝናን አተረፈ፤ ሆኖም ወድቀው እዚያው የሞቱትን ሐኪም ቤት የሚያመጣቸው እንደሌለ መዘንጋት የለበትም። ከፎቅ የወደቀች ድመት ደረቷም ሊጎዳ ስለሚችል፣ ጥንቁቅ ሐኪም ክርኗን ከመንካቱ በፊት ሳንባዋን ያያል።

ታዲያ የውሻን ዘዴ በትንሹ መድገም አይበቃም? አይበቃም። የድመት የላይኛው ክንድ አጥንት ከክርኑ በላይ በውስጥ በኩል ቀዳዳ አለው፤ ዋናው የደም ሥርና አንድ ትልቅ ነርቭ በዚያ ያልፋሉ። ውሻ ይህ የለውም። እዚያ ብረት የሚያኖር ሰው ነርቩን ካላየ ድመቷን በገዛ እጁ ሊያሽመደምዳት ይችላል። የሚላኑ ቀዶ ጠጋኝ ጆቫኒ ባቲስታ ሞንቴጃ በ1814 በሰው ላይ የገለጸው ጉዳት፣ አንደኛው የታችኛው ክንድ አጥንት ተሰብሮ የሌላኛው ራስ የሚወልቅበት ዓይነት፣ በድመትም ይደርሳል። ሁለቱን አጥንቶች በቪስ ማያያዝ ይቻላል፤ ድመት ግን ፊቷን ስትታጠብም ሆነ ዛፍ ስትወጣ መዳፏን ታዞራለችና ቪሱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መውጣት አለበት።

ሳይሰበር የወለቀ ክርን ሲመጣ ሥራው ከወጌሻ ብዙም አይርቅም። ድመቷ በማደንዘዣ ተኝታ ክርኑ ታጥፎና ተጠምዝዞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጅማቶቹ ተበጥሰው መልሶ የሚወልቅ ከሆነ በአጥንቱ ውስጥ ቀዳዳ ተበስቶ በጠንካራ ክር ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ድመቷ ለሳምንታት በጠባብ ቦታ ተዘግታ እንዳትዘል ትጠበቃለች። መገጣጠሚያው ከጥገና ባለፈ ጊዜ ደግሞ አጥንቶቹን አጣብቆ ክርኑን ማድረቅ ወይም እግሩን መቁረጥ ይቀራል። ብዙ ሐኪሞች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ድመት በሦስት እግር ትሮጣለች፣ አጥርም ትወጣለች፤ የማይታጠፍ ክርን ግን ሲያደናቅፋት ይኖራል።