ሽልማቱ ለመምህሩ ወይስ ለመስኮቱ?

በላስታ የገነተ ማርያም የግድግዳ ሥዕል ፊደል ላልቆጠረው ምእመን መጽሐፉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 የነገሡት ያሠሪው ዐፄ ይኩኖ አምላክ መልካቸውና ስማቸው በዚያው ግድግዳ ላይ ሰፍሯል፤ በቀለም ያስተማሩትን ሠዓሊዎች ግን በስም የሚጠራቸው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የ«ፕላዝማ» ትምህርትም ከዚህ ልማድ አልራቀም። ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የመጣው ትምህርት ተማሪውን ሳይጠብቅ በእንግሊዝኛ ይፈስ ነበር፤ መምህሩም ከመስኮቱ ጎን ቆሞ ተመልካች ሆነ።

ኮሌጆቻችን በቴክኖሎጂ ተጠቅሞ የተሻለ ያስተማረን መምህር ቢሸልሙ መልካም ነው። ዳኞች ግን የኮምፒዩተሩን ብዛት ሳይሆን፣ ትናንት ያልገባው ተማሪ ዛሬ ገብቶት እንደሆነ ይጠይቁ። አለዚያ የሚሸለመው ገዢው እንጂ አስተማሪው አይደለም።