ያገለገለ ቴሌቪዥን እና የስክሪን መጠን አመራረጥ

ያገለገለ ቴሌቪዥን በሌላ ባለቤት እጅ ከቆየ በኋላ ለዳግም ሽያጭ የሚቀርብ ቴሌቪዥን ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ከጥገና ቤቶች፣ ቤት ከሚለቁ ወይም ከአገር ከሚወጡ ሰዎች፣ በደላላ እና በቴሌግራም ማስታወቂያ ይገኛል። በግዢ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ኢንች ነው?» የሚለው ነው። የኢንች ቁጥሩ ግን ስክሪኑ ጤነኛ መሆኑንም ሆነ ለቤቱ መስማማቱን አይናገርም።

የመጠን አለካክ

የስክሪን መጠን የሚለካው ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ነው። 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። የጠፍጣፋ ስክሪኖች የወርድና የቁመት ምጣኔ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ 16 ለ9 ስለሆነ፣ ሰያፉን ያወቀ ሰው ሌላውን ማስላት ይችላል። ባለ 32 ኢንች ስክሪን ወደ 71 ሴ.ሜ. ወርድና 40 ሴ.ሜ. ቁመት አለው። ባለ 43 ኢንቹ ወርዱ 95 ሴ.ሜ.፣ ባለ 55 ኢንቹ ደግሞ 122 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። ቁጥሩ ከ32 ወደ 55 ሲያድግ እጥፍ እንኳን አልሞላም፤ የስክሪኑ ስፋት ግን ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል።

የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ምጣኔው 4 ለ3 ነበር። ቁጥሩም በፕላስቲኩ የተሸፈነውን የመስታወት ጠርዝ ይጨምር ስለነበር፣ 21 ኢንች የሚባለው ቱቦ የሚታየው ሰያፍ 51 ሴ.ሜ. ያህል ብቻ ነው። ያም ሆኖ የምስሉ ቁመት ከባለ 24 ኢንች ጠፍጣፋ ስክሪን ጋር ይተካከላል። ስለዚህ የ21 ኢንች ቱቦውን በባለ 22 ኢንች ጠፍጣፋ የተካ ሰው «ምስሉ አነሰብኝ» ቢል አልተሳሳተም። ለቱቦ ተብሎ የተሠራ ቡፌ ላይም ሜትር መያዝ ያስፈልጋል፤ ክፍቱ ከ71 ሴ.ሜ. ከጠበበ ባለ 32 ኢንቹ አይገባበትም።

ርቀት፣ መጠን እና የምስል ጥራት

ጤናማ ዓይን የ1 ዲግሪን 60ኛ እጅ የሚያህል ዝርዝር ይለያል። ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ ማለትም ፒክስሎች፣ ከዚህ ካነሱ ዓይን ለይቶ አያያቸውም። የመጠን ምርጫ የሚወሰነው በዚህ ስሌት ነው፤ ለስሌቱም ከመቀመጫው እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀትና የሚታየው ጣቢያ የሚያስተላልፈው የመስመር ብዛት ያስፈልጋሉ።

3 በ4 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ከአንዱ ግድግዳ፣ ቡፌው ከሌላው ቢጠጋ፣ ከዓይን እስከ ስክሪን የሚቀረው 2.5 ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ርቀት በመደበኛ ጥራት የሚተላለፍ ባለ 576 መስመር የሳተላይት ጣቢያ በባለ 32 ኢንች ላይ ጥሩ ሆኖ ይታያል። ያው ጣቢያ በባለ 55 ኢንች ላይ ጉድለቱ እንዳይታወቅ ተመልካቹ ከ4 ሜትር በላይ መራቅ ይኖርበታል። ትልቅ ስክሪን ገዝተው «የድሮው ይሻል ነበር» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት በቴሌቪዥኑ ሳይሆን በሥርጭቱ ጥራት ነው። ጣቢያዎቹ በኤችዲ የሚተላለፉ ከሆነ ግን በ2.5 ሜትር ርቀት ከ43 እስከ 55 ኢንች ያለ ችግር ይስማማል።

ይህ ስሌት ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ገንዘብ ያድናል። ብዙዎቹ የቆዩ ባለ 32 ኢንች ስክሪኖች 768 መስመር አላቸው፤ ሙሉ ኤችዲ የሚባሉት 1080። ከ1.8 ሜትር በላይ ርቆ ለተቀመጠ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በባለ 32 ኢንች ላይ አይታይም። በባለ 55 ኢንችም ከ2.2 ሜትር ወዲያ 4ኬ ከሙሉ ኤችዲ በነጥቦቹ ብዛት አይለይም። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ለ4ኬ ተብሎ የሚጨመረው ዋጋ ጤነኛ ስክሪን ላይ ቢውል ይሻላል። ትክክለኛው የመስመር ብዛት ፊት ለፊት በተለጠፈ ወረቀት ሳይሆን ከጀርባው ባለው የሞዴል ቁጥር ይጣራል።

ፍተሻ

የጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ዋጋ ያለው በአብዛኛው በስክሪኑ ነው። የኃይል ሰሌዳ ይጠገናል፣ ሪሞት ይገዛል፤ የተሰነጠቀ ስክሪን ግን መቀየሩ ብዙ ጊዜ ሌላ ያገለገለ ቴሌቪዥን ከመግዛት ይበልጥ ያስወጣል። ስለዚህ ሳይበራ የሚሸጥ ቴሌቪዥን፣ ሻጩ «መብራት ስለሌለ ነው» ቢልም፣ እንደ መለዋወጫ እንጂ እንደ ቴሌቪዥን ዋጋ ሊሰጠው አይገባም።

ቴሌቪዥኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ቢበራና ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ብልሽት ሲቀዘቅዝ፣ አንዳንዱ ሲሞቅ ብቻ ይታያልና። በፍላሽ የተጫኑ ሙሉ ነጭ፣ ጥቁር፣ ግራጫና ቀይ ምስሎች ብዙ ያጋልጣሉ። ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መስመር የስክሪኑ ወይም ከስክሪኑ ጋር የተያያዙት ስስ ሪቦኖች ብልሽት ነው፤ «ትንሽ ናት፣ አትታይም» ቢባልም ጊዜ ሲሄድ መስመሮቹ ሊበዙ ይችላሉ። ድምፅ እያለ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ በእጅ ባትሪ ቀረብ አድርጎ ማብራት ይጠቅማል፦ ምስሉ በስሱ ከታየ የተበላሸው የጀርባ መብራቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ከስክሪን በጣም በረከሰ ዋጋ ይጠገናል። ነጩ ወደ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ካደላ የጀርባ መብራቱ ኤልኢዲዎች አርጅተዋል ማለት ነው።

በኦሌድ እና ምርታቸው ከቆመ በቆየው ፕላዝማ ስክሪኖች ላይ ለረጅም ጊዜ የቆመ የጣቢያ አርማ ወይም የዜና መስመር ጥላው ሊቀር ይችላል፤ ግራጫው ምስል ይህን በደንብ ያሳያል። ፕላዝማ ተመሳሳይ መጠን ካለው ኤልኢዲ የበለጠ መብራትም ይበላል።

ስማርት ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መሰረዝ አለበት። የቆየ ስማርት ቴሌቪዥን አንዳንድ መተግበሪያዎችን መክፈት ሊያቆም ስለሚችል፣ «ስማርት ነው» ተብሎ የሚጨመር ዋጋ መተግበሪያው ተከፍቶ ሳይታይ መከፈል የለበትም።

ከውጭ አገር የሚመጡ

የኢትዮጵያ የመብራት መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የሚላክ ቴሌቪዥን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ከጀርባው ያለው ጽሑፍ «100–240» የሚል ከሆነ ግን ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። የአሜሪካ ቴሌቪዥን የአንቴና መቀበያውም ከኢትዮጵያ ዲጂታል ሥርጭት ጋር አይገጥምም፤ ከዲሽ ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ገመድ ለሚያይ ሰው ይህ ችግር አይደለም። ሪሲቨሩ ተገናኝቶ ስክሪኑ «ሲግናል የለም» ካለ፣ ቴሌቪዥኑ 50 ኸርዝ ምስል የማይቀበል ሊሆን ስለሚችል የሪሲቨሩን የምስል ማስተካከያ ወደ 60 ኸርዝ መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከአውሮፓ የሚመጡት በቮልቴጅ በኩል ይህ ጣጣ የለባቸውም።