ከአላህ እንግዳ እስከ ሆቴል ቤት



«ምሳ የት እንብላ?» ዛሬ ፒያሳ ላይ ተራ ጨዋታ ነው። አራዳ ግን ይህን ጥያቄ የለመደችው ከመቶ ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ድሮ መንገደኛ «የአላህ እንግዳ ነኝ»፣ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በደረሰበት ቤት በልቶ ያድር ነበር። እንጀራ ለእንግዳ መሸጥ ነውር ነበር።

እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ የከበደው ማብሰሉ ሳይሆን ይሉኝታው ነው። መኳንንቱ ከፍሎ መብላት እንዲለምዱ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በልተው፣ ሂሳብ ከፍለው አሳዩ ይባላል።

ኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ ቢያዛውርም፣ ምግብ ቤቱ ፒያሳ ቀረ። በሩ ላይ «የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰውም ስለ ሥጋው መጠየቅ ሳያሻው ይገባል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን በየሰፈሩ የኖረው ልማድ ነው። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ በጉን በሙስሊም ያሳርዳል፤ ድስቱንም ይለያል። ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዳው እንዲሁ ያደርጋል። ሂሳብ መክፈል ገንዘብ ላለው ቀላል ነው። የእንግዳን እምነት አክብሮ ለብቻው ማረድ ግን ልብ ይጠይቃል። ልጆቻችን ከሆቴሉ ጋር ይህንንም ይውረሱ።